አጠገቡ ማን አለ?

አክስቴ ከደብተር ገንጥላ በሰጠችኝ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ተጽፏል። «ነጠላ፣ ሽሮ ሜዳ። ጀበና፣ ቀጨኔ። የከሰል ምድጃ፣ ምናለሽ ተራ። ቡና፣ ፒያሳ። ጉትቻዬ፣ ያ አንጥረኛ።» ከወረቀቱ ጋር መንጠቆው የተሰበረ የወርቅ ጉትቻ በጨርቅ ቋጥራ አስጨበጠችኝ።

«ያ አንጥረኛ የትኛው ነው?» አልኳት።

«ፒያሳ ነዋ። ስትደርስ ጠይቅ።»

«ስሙስ?»

«ስሙን ምን ያደርግልሃል? ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ። ከሰዓት ሠሪው አጠገብ።»

አክስቴ ከፒያሳ ለቃ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ከብሎኳ ሥር የተደረደሩት ሱቆች ጀበናም ነጠላም የተፈጨ ቡናም ይሸጣሉ። ልጇን ልትድር ሦስት ሳምንት ሲቀራት ግን ዕቃው ሁሉ «ከቦታው» እንዲመጣላት ፈለገች። ቃሏ ይኸው ነው፤ ከቦታው። እኔም ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ተወልጄ ያደግሁባትን ከተማ እንደ እንግዳ ልዞራት ወጣሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ ጎዶሎ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ቀናት ሲያልቁ ግን አክስቴ በአዲስ አበባ ቋንቋ የተሟላ አድራሻ እንደሰጠችኝ ገባኝ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጦራቸውና ከነቤተሰባቸው በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ከተማዋም ከሰፈር ሰፈር እየተያያዘች አደገች። ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች የከተሙበት ቦታ ዛሬም ሠራተኛ ሰፈር ይባላል። አሁን ከተማዋ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ ወረዳዎቹም ቁጥር አላቸው። ሆኖም ታክሲ ውስጥ «ወረዳ 5 ወራጅ አለ!» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። የሚወረደው ድልድዩ ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው። ትንንሾቹ ሱቆችና የእጅ ሥራ ቤቶች የሚገኙትም በዚሁ ዘዴ ነው፤ ምልክታቸው ጎረቤታቸው ነው።

ገልብጠህ እየው

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ነጭ ይለብሳል። ቀሚሱ፣ ኩታው፣ ጋቢው ከየሱቁ በር ላይ እስከ አስፋልቱ ዳር ተንጠልጥሏል። «ግባ ወንድሜ፣ ለማየት አይከፈልም!» የሚለው ጥሪ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። በዓልና የሠርግ ወራት ሲቃረቡ እዚህ በእግር ማለፍም ጭንቅ ነው። ከዚሁ የተገዛ ነጠላ በሻንጣ ታጥፎ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ድረስ ይሄዳል፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ሲመጣ ከሚያዘው ነገር ሀበሻ ልብስ አይቀርም።

አንዲት ባለሱቅ ሁለት ነጠላ ፊቴ ላይ ዘረጋችልኝ። ለእኔ ዓይን አንድ ናቸው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ገልብጠህ እየው» አለችኝ።

ገለበጥኩት። አንደኛው ጥለቱ ከጀርባውም ይታያል፤ ክሩ በድሩ መካከል ሲመላለስ የቀረውን መንገድ በጣት መዳሰስ ይቻላል። የሁለተኛው ጀርባ ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙ ከላይ የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም። ከውጭ የሚገባው የማሽን ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ ጎን ተሰቅሎ ገበያውን የሚሻማው እንደዚህ ነው። ሴትዮዋ ሁለቱንም ትሸጣለች፤ የጠየቃትን ደግሞ አትዋሽም። ያልጠየቀ ግን እንዳማረው ይገዛል።

ከሱቆቹ ጀርባ በቀጭን መንገድ ሲገባ የገበያው ጫጫታ ቀርቶ ሌላ ድምፅ ይጀምራል፤ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል የእንጨት ድምፅ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ ይልከዋል። በዚህ ሙያ ከተማዋን ነጭ ያለበሱት በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ አንዱ ሌላውን ከአገር ቤት እየጠራ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ዙሪያ ሰፍሮ ቀረ።

አንድ ነጠላ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ፈትል የምትፈትል ሴት አለች፤ ድሩን የሚያደራ፣ ማጉን ቀሰም ላይ የሚጠቀልል ልጅ፣ የሚሸምነው፣ ጫፉን የሚቋጨው፣ ከዚያ ባለሱቋ። ነጠላ ሁለት እጥፍ፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ጋቢ የሚለብስ ሰው የሸማኔውን ድካም በአራት ደርቦ ለብሷል ማለት ነው። ሱቁ አንድ በር ቢኖረውም ከበሩ ጀርባ አንድ ሰፈር ሙሉ ይሠራል። ለአክስቴ ጀርባው እንደ ፊቱ የሆነውን ነጠላ ገዛሁ።

የጀበና ድምፅ

ቀጨኔ ከሽሮ ሜዳ ብዙም አይርቅም፤ በመኪና ዞሮ ከመሄድ በእግር ማቋረጥ ይቀላል። የጠየቅኋት ሴት «የሸክላ ሠሪዎቹ?» ብላ በአገጯ አቅጣጫውን አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከየአጥሩ ሥር የተደፉ ጀበናዎች መንገዱን ይመራሉ።

እዚህ ሥራው የሴቶች ነው። አፈሩ ተነፍቶ፣ ከተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ጋር ተደባልቆ ይቦካል። ገሉ የሚገባው ሸክላው እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ነው፤ የሞተው ጀበና ለሚወለደው አጥንት ይሆናል ብንል አናጋንንም። ተሽከርካሪ ማሽን የለም። ሆዱ በእጅ ይወጣል፣ አንገቱ ይቀጠላል፣ ጡቱና ጆሮው ይለጠፋል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ጥቁር የሚፈለገው ከእሳት ሲወጣ በጭስ ይታጠናል።

አንዲት እናት ሦስት ጀበና አቅርበው በጣታቸው ቋ፣ ቋ፣ ቋ አደረጉ። ሁለቱ ጠርቶ የሚሰማ ድምፅ ሰጡ። ሦስተኛው ድፍን አለ።

«ይኼ ታሟል» ብለው ወደ ኋላቸው መለሱት። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት ማለታቸው ነው።

ስለ ቀጨኔ ሲነገር የማይዘለል ነገር አለ። በእሳት የሚሠራ ሁሉ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ዘመናት አልፈዋል። ቡናውን እነሱ በሠሩት ጀበና የሚያፈላ፣ እንጀራውን እነሱ በሠሩት ምጣድ የሚጋግር ሰው፣ ከሠሪዋ ጋር ማዕድ ለመቁረስ የሚያቅማማበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ብዙ ገዢ ጀበናውን ከመርካቶ ነጋዴ እጅ ወስዶ ሠሪዋን ሳያይ ኖሯል። ወደ ቀጨኔ መውጣትና ከሠሪዋ እጅ መቀበል ታዲያ ከዋጋ ቅናሽ በላይ ትርጉም አለው፤ ደላላውን መዝለል ብቻ ሳይሆን የድሮውን ነውርም መዝለል ነው።

ጀበናውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ «ሳታሟሹ እንዳታፈሉበት» አሉኝ። አዲስ ጀበናና ምጣድ ከመሥራቱ በፊት ይሟሻል፤ ዕቃው ከቤቱ ጋር የሚተዋወቅበት ሥርዓት ነው። ምጣዱ በጎመን ዘር፣ ጀበናው አተላ ፈልቶበት። የየካ አባዶው ሱቅ ይህን አይነግርም።

ተራ ለምን ተራ ሆነ?

በማግስቱ ጠዋት መርካቶ። የዚህ ገበያ ታሪክ ራሱ የመዛወር ታሪክ ነው። የከተማዋ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን በያዘባቸው አምስት ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ በራሱ ቋንቋም «መርካቶ» አለው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ፤ ገበያውም የተገፋበት ቦታ ላይ ከገፊው አሳብ በላይ ገዘፈ።

ምናለሽ ተራ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መዶሻ በቆርቆሮ ላይ፣ መዶሻ በበርሜል ላይ፣ መዶሻ በብረት ላይ። ስሙ ከጥያቄ የመጣ ነው፤ «ምን አለሽ?» ቤት ውስጥ የተረፈ፣ የተሰበረ፣ የዛገ ነገር ያላት ሴት ትጠየቃለች። ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው!» ነው፤ የሰበሰበው ዕቃ የሚጎርፈው ወደዚህ ነው። በርሜሉ ተቀዶ፣ ተደብድቦ ምድጃ ይሆናል። የዘይት ጣሳው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ጫማና ገመድ። ዓለም በቅርቡ ስም ያወጣለትን ቆሻሻን መልሶ የመጠቀም ጥበብ ምናለሽ ተራ ያለ ስብሰባ ሲሠራው ኖሯል።

ከሰል ምድጃ ሠሪው አጠገብ ሌላ ምድጃ ሠሪ፣ ከእሱ አጠገብ ሌላ አለ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግራ ነው። ሁሉም አንድ ዕቃ እየሠሩ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ገበያ መሻማት አይሆንም? ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጌሾ ተራ፤ መርካቶ ሙሉዋን እንዲህ ነች። ምክንያቱን ቆሜ እያየሁ ተረዳሁት። አንዱ ደንበኛ ትልቅ ምድጃ ጠየቀ። ሠሪው አልነበረውም፤ «ቁጭ በል» ብሎት ከሦስተኛው ጎረቤት አምጥቶ ሸጠለት፤ ሒሳቡን ማታ ይተሳሰባሉ። ገዢ ዋጋ ለማነጻጸር አሥር እርምጃ ይበቃዋል። ጀማሪው የሚማረው አጠገቡ ካለው ነው። ሰው አንድ ሱቅ አያስታውስም፤ ተራውን ግን አይረሳም፤ ስለዚህ ተራው የሁሉም የጋራ ማስታወቂያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እቁብ አለ። ነጋዴዎቹ በየሳምንቱ እኩል ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ጥቅሉን ይወስዳል፤ የወሰደው ሰው ዙሩ እስኪያልቅ መክፈል አለበትና ዋስ ይጠራል። ባንክ የቤት ካርታ የሚጠይቀውን ሰው፣ እቁብ የሚጠይቀው «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ነው። ዋስ የሚሆነው ጎረቤቱ ነው። ስንቱ የመርካቶ ሱቅ በእቁብ ተከፍቶ በእቁብ እንደሰፋ ባለቤቶቹ ያውቁታል።

መቀራረብ ግን ዕዳም አለው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱ ያለፈው በዚያው የጎረቤትነት መንገድ ነበር፤ ጠባቡ መተላለፊያ፣ የተያያዘው ጣሪያ። ሰውን ለሰው ያቀራረበው ነገር ሱቆቹን ለእሳቱም አቀረባቸው።

ጽሑፍ የሌለው ምልክት

ምድጃዬን ተሸክሜ ስመለስ ዓይኔ ሌላ ነገር መልቀም ጀመረ። በአንድ መንደር ውስጥ በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፍቶበታል፤ ጠላ አለ ማለት ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦት ከተዘረጋ የጀበና ቡና አለ። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ በመደብ ተከምሯል፤ ሚዛን የለም፣ ደንበኛ ከሆንክ ግን ምራቂ አለ። አሮጌዋ ኮንቴይነር ሱቅ «አርከበ ሱቅ» ትባላለች፤ ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. ከተማዋን ባስተዳደሩት በአርከበ ዕቁባይ ጊዜ ለሥራ ፈላጊዎች ከተሰጡት ሱቆች ስሟን ወርሳለች።

ከተማዋን የሚያሰፏትም እነዚሁ ትንንሽ በሮች ናቸው። ቦሌ ሚካኤል ስትገባ የሱማልኛ ጨዋታ፣ የግመል ወተት፣ ከፍየል ሥጋና ከሙዝ ጋር የሚቀርብ ሩዝ፣ ቀለሙ የሚያበራ የሴቶች ድራክ ያገኝሃል። ጎፋ መብራት ኃይል ወርደህ ቡና ብታዝ፣ ከኤርትራ የመጡ አንዲት እናት የሚያፈሉበት ጀበና የቀጨኔው ዓይነት ጡት የለውም፤ በአንገቱ በኩል ነው የሚቀዳው። እንዲህ ያለውን ልዩነት የቱሪስት ካርታ አይመዘግበውም። የሚመዘግበው የጠጣው ሰው አፍ ነው።

ያ አንጥረኛ

ፒያሳን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለመሰለኝ ነበር። ቡናው በእርግጥ ቀላል ሆነ። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ነው፤ ሰው ዛሬም ከፍ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ ይጠጣል፤ የተቆላው ቡና ሽታ ከበሩ ውጭ ያገኝሃል። አንድ ኪሎ አስፈጭቼ፣ አንድ ማኪያቶ ቆሜ ጠጥቼ ወጣሁ።

ከሰዓት ሠሪው አጠገብ የተባለውን አንጥረኛ ፍለጋ ስሄድ ግን ሰዓት ሠሪውም፣ አጠገቡም አልነበረም። የነበረው ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ሣር ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የሚባለው የከተማዋ መልሶ ግንባታ ሲጀመር የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ ተከተለች።

እነዚያ ቤቶች ለምን ያን ያህል አነስተኛ ሱቅ እንደያዙ ለማወቅ ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩም ለዓመታት እዚያው አካባቢ ቆመ። አንድ አንጥረኛ፣ አንድ ሰዓት ሠሪ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በከተማዋ እምብርት መሥራት የቻለው ኪራዩ ርካሽ ስለነበረ ነው። ቤቱ እንዳይጠገን ያደረገውም ያው ርካሽ ኪራይ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ያዘምማል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። እዚያ የኖረ ሰው መፍረሱን በአንድ ቃል ደግ ወይም ክፉ ለማለት ይቸገራል። አዲሱ መንገድ ላይ ልጆች ሲሮጡ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ሰዓት ሠሪውን ሳጣ ደግሞ ከፍቶኛል።

ሊስትሮውን ጠየቅሁ፤ አያውቅም፣ አዲስ ነው። ጥግ ላይ ሎተሪ የሚያዞሩትን አባት ጠየቅሁ፤ «የቱ? ወፍራሙ?» አሉኝ። አይ፣ ቀጭኑ። ወደ አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት መሩኝ። እሷ ሰዓት ሠሪውን ታውቀዋለች፤ ቡና ይወስድ ነበር። ደወለችለት። ሰዓት ሠሪው ደግሞ የአንጥረኛው ስልክ ነበረው። ሁለቱ ተለያይተው ወጥተዋል፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ። ሆኖም አንዱ የሌላውን ቁጥር አልጣለም።

ከሰዓት በኋላ በአንድ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከብዙ ተመሳሳይ የመስታወት በሮች አንዱን አንኳኳሁ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሰው። ስለ አክስቴ ማስረዳት ጀመርኩ፤ አልሰሙኝም። ቋጠሮውን ፈትተው ጉትቻውን ወደ ብርሃኑ አቀረቡት።

«ይኼ የእኔ እጅ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብለው «ደህና ናቸው?» ብለው የጠየቁኝ።

መንጠቆውን በትንሽ እሳት በይደው፣ አጥበው፣ አድርቀው ለመስጠት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀባቸው። እስከዚያ አንድም ሰው አልገባም። ሱቁ ንጹሕ ነው፣ ውኃ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም። የጎደለው አላፊ አግዳሚው ነው። በግራቸው የስልክ ካርድ ሻጭ፣ በቀኛቸው የተዘጋ በር። ሰዓት የሚያሠራ ሰው አይቶ «ጉትቻዬም ተሰብሮ ነበር» የሚልበት ቦታ አይደለም።

ማታ ዕቃውን ሁሉ አስረከብኩ። አክስቴ ነጠላውን ገለበጠችው፤ ጀበናውን በጣቷ ቋ አደረገችው፤ ማንም ሳይነግራት። ጉትቻውን ስታይ ፊቷ በራ።

«የት አገኘኸው?»

የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የበሩን ቁጥር ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«እሱማ ቁጥር ነው። አጠገቡ ማን አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ከተማ ሱቅን ከቦታ ቦታ ማዛወር ይችላል፤ አዲስ በር፣ አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ ቁጥር ይሰጣል። ጎረቤቱን ግን አብሮ ካላዛወረ፣ ሸማኔን ከፈታይዋ፣ አንጥረኛን ከሰዓት ሠሪው ከለየ፣ ሰው የሚያውቀውን መንገድ አብሮ አፍርሶታል። ተራ ተነስቶ በተራነቱ ቢሰፍር ኖሮ፣ አክስቴን የምመልስላት አላጣም ነበር።

ይህን እስክናይ የእኛ ፋንታ ትንሽ ናት። ጥሩ ሸማኔ፣ ጥሩ ሸክላ ሠሪ፣ ጥሩ አንጥረኛ የምታውቁ ከሆነ ለራሳችሁ ይዛችሁ አትቅሩ። ስትገዙ የዕቃውን ጀርባ ገልብጡ፣ ሠሪውን ጠይቁ፤ የት እንደገዛችሁ ስትጠየቁም የበሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ማን እንዳለ ንገሩ።